ራስ፣ ጭንቅላትና የእኔ መላጣ

ከባለቤቴ ጋር ሀይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል በወረድን ቁጥር፣ ከጀልባዎቹ አጠገብ ተደርድረው የዓሣ አንጀት የሚጠብቁትን አባ ኮዳዎች ታይና «ዘመዶችህ ሁሉም ደህና ናቸው?» ትለኛለች። አባ ኮዳን ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ ቁመቱ ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ፣ አናቱ ላይ ጸጉር የሚባል ነገር የሌለው ትልቅ አሞራ ነው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የጡረታ ጉዳዩን ለመከታተል ቢሮ ለቢሮ የሚዞር ሰው ይመስላል። ስለዚህ አልከራከራትም። እኔም እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ አጠገባቸው እቆማለሁ። አንድ ቀን አንድ እንግዳ አሞራዎቹን ፎቶ ሲያነሳ፣ እኔን ዞር በል እንኳ አላለኝም።

ይህን የምጽፈው ስለዚሁ መላጣዬ ነው። ሰው ለጸጉሩ መርገፍ ፈጣሪን ሲያመሰግን አይቼ አላውቅም። እኔ ግን ካለፈው ዓመት ወዲህ ጠዋት ጠዋት ፊቴን ስታጠብ፣ ፊቴ የት እንደሚያልቅ ስለማላውቅ እስከ ማጅራቴ ድረስ እታጠብና «ጌታ ሆይ፣ ተመስገን» እላለሁ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚሁ ሀዋሳ መንግሥት ቤት የቋንቋ አራሚ ነበርኩ። ሕግ አዋቂዎቹ ይጽፋሉ፣ እኔ በቀይ እስክሪብቶ አማርኛውን አቃናለሁ። አማርኛ የእናቴ ቋንቋ አይደለም። የተወለድኩት ወላይታ ገጠር ነው፤ አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት፣ በአርጩሜ ነው። መምህራችን ግን ደንብ ነበራቸው። መዳፍ ብቻ ነበር የሚመቱት። «ራስ አይነካም፤ አማርኛው የሚቀመጠው እዚያ ነው» ይሉ ነበር። መዳፌ ብዙ ስለተመታ ነው መሰለኝ፣ አማርኛውን ከነጠላ ሰረዙ ወደድኩት። ቋንቋን ዘግይቶ ያገኘ ሰው አወዳደዱ ለጉድ ነው። የተወለዱበት ሰዎች እንዳሻቸው ሲያወሩት፣ እኔ ደግሞ እንደ ሠርግ ልብስ ለብሼው እዞራለሁ።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ስልክ ተደወለልኝ። ፖሊሶች ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታ የሚጠቀሙባቸውን ነገሮች፣ ማለት ቆመጡን፣ አስለቃሽ ጭሱን፣ የጎማ ጥይቱንና እነዚህን የመሰሉትን መቼና እንዴት እንደሚጠቀሙባቸው የሚወስን የውስጥ መመሪያ እየተዘጋጀ ነው፤ አማርኛውን ይዩልን አሉኝ። ከደስታዬ ብዛት ካልሲዬን ገልብጬ አድርጌ ሄድኩ። በሩ ላይ ጥበቃው ከዘራዬን ያዘኝ።

«አባት፣ ዱላ ይዞ መግባት አይቻልም።»

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ዱላ አይደለም። ሦስተኛ እግሬ ነው።»

«እንግዲያው ሁለቱን ይዘው ይግቡ፤ ሦስተኛውን እኔ እጠብቅልዎታለሁ።»

ግድግዳ እየተደገፍኩ ገባሁ። ስለ መሣሪያ ሕግ ላወጣ ሄጄ፣ መሣሪያ የተቀማሁት መጀመሪያ እኔ ነኝ።

ረቂቁን የጻፈችው ዩኒቨርሲቲ ሕግ የምታስተምር ወጣት ሴት ነበረች። ተወልዳ ያደገችው ጎጃም ነው። እስቲ አስቡት፤ እኔ የወላይታው ልጅ የጎጃምን ልጅ አማርኛ ላርም ተቀመጥኩ። ትንሽ እንኳ አላፈርኩም።

ረቂቁ ጥሩ ነበር። ከመጠቀም በፊት ሰዉ በሚሰማው ቋንቋ ማስጠንቀቅ፣ ሕዝቡ የሚወጣበት በር መኖሩን ማየት፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ጭስ አለመተኮስ፣ የተጎዳን ሰው ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ መርዳት፣ በኋላም የሆነውን በጽሑፍ ማስረዳት። ለካ ሰውን ማስለቀስም ሥርዓት አለው አልኩ በልቤ። እኔ የማውቃት አስለቃሽ ልቅሶ ቤት ግጥም የምትደረድረዋን ሴት ብቻ ነበር፤ እሷን ደግሞ ማንም መመሪያ አላወጣላትም።

የመጀመሪያው ጸባችን ርዕሱ ላይ ነበር። «ገዳይነታቸው ያነሰ መሣሪያዎች» ብላ ጽፋለች።

«ልጄ፣» አልኳት መነጽሬን ወደ አፍንጫዬ ጫፍ አውርጄ፣ «ሞቱ ያነሰ ሬሳ አለ እንዴ? ወይ ይገድላል፣ ወይ አይገድልም። 'ገዳይ ያልሆኑ' በይው፣ ያምራል።»

«ያምራል ጋሼ። ግን እንደዚያ ብለን ከጻፍን ፖሊሱ ያምነናል።»

«ቢያምነን ምን አለበት?»

«ጭሱ የሚወጣው ከቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው እየበረረ ሄዶ ዓይን ላይ ቢያርፍስ? 'አይገድልም ብላችሁኝ ነበር' ቢለን ምን እንመልሳለን?»

ዝም አልኩ። እኔ ዝም ካልኩ ግን በሌላ በር ልመጣ ነው ማለት ነው። ባለቤቴ ይህን ስለምታውቅ፣ ቤት ውስጥ ዝም ስል በሩን ሁሉ ትዘጋለች።

የመጣሁት በስድስተኛው አንቀጽ በኩል ነው። እሷ የጻፈችው እንዲህ ይላል፦ «የአስለቃሽ ጭስ መተኮሻን በሰው ጭንቅላት፣ ፊት ወይም አንገት ላይ ማነጣጠር የተከለከለ ነው።» ጭንቅላት! በሕግ ላይ! እኔ ጭንቅላት ሲባል ትዝ የሚለኝ በግ የታረደበት ግቢ ነው። ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ጭንቅላትን ሰረዝኩ፣ ፊትን ሰረዝኩ፣ አንገትን ሰረዝኩ። በሰረዝኩት መጠን ደስ እያለኝ ስለሄደ፣ «በሰው» የሚለውንም ሰረዝኩ። የተረፈውን ሳስተካክለው እንዲህ ወጣ፦ «በራስ ላይ ማነጣጠር የተከለከለ ነው።» አጭር፣ ጥርት ያለ፣ የተከበረ። ዳር ላይ ደግሞ በደቃቅ ጽሑፍ አንድ ማስታወሻ አኖርኩ። ምን እንዳልኩ ቆይቶ ይመጣል፤ አሁን ለመናገር ትንሽ ያሳፍረኛል።

«ጋሼ፣ ራስ የሚለው ቃል እኮ ብዙ ትርጉም አለው» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ለሚያውቅ ሰው አንድ ነው።»

ረቂቁን በምናይበት ስብሰባ ላይ የነበሩት ኃላፊዎች ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽበቴን አክብረው ነው እንዳልል ሽበት የለኝም። መላጣዬን አክብረው ይሆናል። እሷም ልጅ ነችና ከዚያ በላይ አልገፋችም። መመሪያው በእኔ አማርኛ ታትሞ ወጣ። እኔም ሦስተኛ እግሬን ከጥበቃው ተቀብዬ፣ በባጃጅ ቤቴ ገባሁ።

ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል አከራይተናል። የሚኖርባት ወጣት ኮንስታብል ነው፤ ሲዳማ ነው፣ እናቱ ቡሹሎ በኩል እርሻ አላት። ፖሊስ ለመሆን ሁለቴ ተመዝግቦ ሁለቴ ተመልሷል፤ በሦስተኛው ተቀበሉት። የደንብ ልብሱን የሚተኩሰው እሁድ ከሰዓት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው፤ የሱሪው እጥፋት ዳቦ ይቆርጣል። እናቱ ከቡሹሎ በመጣች ቁጥር መጀመሪያ ልብሱን ታያለች፣ ከዚያ እሱን ትስመዋለች። አማርኛን እንደ እኔ በትምህርት ቤት ነው የተማረው። ስለዚህ አንድ ቃል ሲጠራጠር አያልፍም፤ ይጠይቃል። ይህ ጠባዩ እኔን በጣም ነው የሚያስደስተኝ፤ ከባለቤቴ በስተቀር የሚጠይቀኝ ሰው የለም፣ እሷም የምትጠይቀኝ «መቼ ነው የምትተኛው?» ብላ ነው።

አንድ እሁድ የመመሪያውን ቅጂ ይዞ በረንዳዬ ላይ መጣ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። 'በራስ ላይ ማነጣጠር' ማለት አፈሙዙን ወደ ራሴ ማዞር ማለት ነው?»

«ማነው እንደዚያ ያለህ?»

«አሠልጣኛችን። 'መሣሪያውን ስታጎርስ ወደ ራስህ አታዙር፣ ፊትህ ላይ እንዳይፈነዳ' ብሎ ነው ያስረዳን። ሁላችንም እንደዚያ ጻፍን።»

ሳቅኩ። እስካሁን ድረስ የሚቆጨኝ ያ ሳቅ ነው። «አማርኛ እንዲህ ወረደች?» ብዬ ሳቅኩ። ከዚያ ጎንበስ አልኩለትና መላጣዬን በጣቴ ሦስት ጊዜ መታ መታ አደረግኩለት። «ራስ ማለት ይሄ ነው። ይሄ! የሰው ሁሉ ይሄ። ወደዚህ አትተኩስም። ገባህ?»

«ገባኝ ጋሼ» አለና ወረቀቱ ዳር ላይ ክብ ነገር ሣለ። ጸጉር አልሣለበትም።

እዚያው ስልኬን አንስቼ ቢሮው ጋ መደወል ነበረብኝ። «አንቀጹ በስህተት እየተነበበ ነው፣ አርሙት» ማለት ነበረብኝ። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነው ያለው። አልደወልኩም። ብደውል ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይጠየቃላ። ጥፋቱን ለአሠልጣኙ ሰጥቼ፣ ዓሣ ለመብላት ወጣሁ።

እኔ ደግሞ ኳስ አልቀርም። የከተማችን ቡድን ሲጫወት ስታዲየም ካልሄድኩ የታመምኩ ይመስላቸዋል። ከዚያ እሁድ በኋላ በነበረው ጨዋታ አሸነፍን። ስንወጣ ግን ከሁለቱ በሮች አንዱ ተቆልፏል። ሕዝቡ በአንዱ በር ተጨናነቀ፣ ከኋላ ያለው ይገፋል፣ ከፊት ያለው ይጮኻል፣ አንድ ሁለት ድንጋይም ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ በላያችን በረረ። ኮፍያዬ ከራሴ ላይ ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ ብል እዚያው እንደምቀር ስለገባኝ ተውኩት። በሰው ማዕበል ተገፍቼ ተገፍቼ፣ ሳላስበው ከሁሉም ፊት ተገኘሁ። ፊት ለፊቴ የፖሊሶች ሰልፍ አለ፤ ሁሉም የራስ ቁር ለብሰው መስታወቱን አውርደዋል፣ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። አንድ ድምፅ «ቀጥታ! ቀጥታ ተኩስ!» ሲል ሰማሁ።

ከዚያ «ጧ!» አለ። አንድ ነገር ከእግሬ ራቅ ብሎ መሬቱ ላይ ነጠረ፣ እየተሽከረከረ ወደ ጎን ሄደ፣ ነጭ ጭስ ተፋ። የሀይቁ ነፋስ ከሰዓት በኋላ እንዴት እንደሚነሳ ታውቃላችሁ። ጭሱን ሰብስቦ መልሶ ወደ ፖሊሶቹ ወሰደው። እነሱ ሲያስሉ፣ እኛ ሲያለቅሰን፣ ግርግሩ በራሱ ጊዜ ላላ፤ የተቆለፈውንም በር አንድ ሰው ከፈተው። አንዲት ዓሣ ነጋዴ ክንዴን ይዛ ባጃጅ ውስጥ ከተተችኝ። «ይኼ ሽማግሌ ደግሞ ቤቱ ሆኖ በሬዲዮ አይሰማም!» እያለች ፊቴን በነጠላዋ ጠረገችልኝ። ስሟን አልጠየቅኳትም። ይህን ባነበበችው ምንኛ ደስ ባለኝ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ እንባዬን አየችና ደነገጠች። «ማነው የሞተው?»

«ማንም። ሁለት ለአንድ አሸነፍን።»

በማግስቱ ኮንስታብሉ ሥራ አልሄደም። ከዚያ በኋላም አልሄደም። የደንብ ልብሱ ተተኩሶ መስቀያ ላይ ነው፣ እሱ በካኔተራ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። በሦስተኛው ቀን ወንበሬን ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ምን ሆነሃል?»

«ተከስሻለሁ ጋሼ። ትእዛዝ አልፈጸምክም ተብዬ። ሐሙስ ጠዋት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። ሊያሰናብቱኝ ይችላሉ።»

«ምን አድርገህ?»

«አዛዣችን ኢንስፔክተሩ ቀጥታ ተኩስ አለ። እኔ መሬት ላይ ተኮስኩ።»

ከወንበሬ ልወድቅ ነበር። «አንተ ነህ የተኮስከው?»

«እኔ ነኝ። ፊት ለፊቴ ጭንቅላት ነበር፣ ቀጥታ ብተኩስ እሱን ነው የማገኘው። መመሪያው ይከለክላል አልኳቸው። 'መመሪያው የሚለው በራስህ ላይ አታነጣጥር ነው፣ በሰው ላይ የት ይላል? አሳየን' አሉኝ። ፈለግኩ፣ አጣሁ። እርስዎ የነገሩኝን ስነግራቸው 'ጽሑፍ አለህ?' አሉ።» ቀና ብሎ የተሰቀለውን ልብስ አየና፣ «እናቴ አልሰማችም» አለ። «ቡሹሎ ሄጄ ልብሱ የት አለ ብትለኝ ምን እላታለሁ?»

ጽሑፉ የነበረው እኔ ዘንድ ነው። አልጋዬ ሥር አንድ ካርቶን አለኝ፤ በሕይወቴ ያረምኳቸውን ረቂቆች የምወዳቸውን አስቀምጣለሁ። ሌላው ሰው የልጆቹን ዲፕሎማ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ እኔ የሰረዝኩትን አስቀምጣለሁ። ተንበርክኬ አወጣሁት። የእሷ ረቂቅ እዚያው ነው። «በሰው ጭንቅላት፣ ፊት ወይም አንገት ላይ» የሚለው ቁልጭ ብሎ ይነበባል፣ የእኔ ቀይ መስመር እላዩ ላይ ተኝቷል። ዳሩ ላይ በእኔ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ጭንቅላት የሥጋ ቤት ቃል ነው፤ ለሕግ አይመጥንም። ራስ ያለ ሁሉንም ብሏል። ጸሐፊዋ አማርኛዋን ታሻሽል።»

ጸሐፊዋ አማርኛዋን ታሻሽል! የጎጃሟን ልጅ!

ወረቀቱን መልሼ ልከተው አሰብኩ። በቃል ብመሰክርስ? «ራስ ማለት ጭንቅላት ነው» ብዬ በአንደበቴ ብረታበትስ? እንዲህ እያልኩ ሳለ ባለቤቴ ከኋላዬ መጥታ ወረቀቱን ከእጄ ላይ ወሰደችው። አነበበች። ሁለተኛ አነበበች። ከእኔ በፊት የገባት ሁሉ ነገር ፊቷ ላይ ሲመጣ አየሁ።

«ልጁ ልብሱን ያውልቅ?» አለችኝ። «ላንተ ቀይ ቀለም?»

ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመረችም። ወረቀቱን አጥፋ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተተችውና ኪሱን በመርፌ ቁልፍ ቆለፈችው። አርባ ዓመት አብራኝ ኖራለች፤ የማመልጥበትን ቀዳዳ ታውቀዋለች።

ሐሙስ ጠዋት ገባን። ከዘራዬን ያው ጥበቃ ተቀበለኝ። «ዛሬም ሁለቱን ብቻ» አለኝ። ክፍሉ ውስጥ ሦስት የኮሚቴ አባላት አሉ፤ ሰብሳቢው መነጽር ያደረጉ ኮማንደር ናቸው። በአንድ በኩል ኢንስፔክተሩ፣ በሌላው መመሪያውን እንድታብራራ የተጠራችው የረቂቁ ጸሐፊ፣ የሕግ መምህርቷ ተቀምጣለች። ስታየኝ ብድግ ብላ ሰላም አለችኝ። ብድግ ባትል ይሻለኝ ነበር።

ኮሚቴው ተናገሩ ሲለኝ፣ እንዳልኳችሁ፣ መጀመሪያ በሌላ በር ሞከርኩ። ጉሮሮዬን ጠረግኩና ትምህርት ጀመርኩ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ራስ ማለት ጭንቅላት ነው። ራስጌ እንላለን፣ የጭንቅላት በኩል ነው። ራሴን አመመኝ እንላለን። ራስ ምታት ያለበት ሰው ራሱን የመታ ሰው ነው እንዴ?»

ኮማንደሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጥሩ ነው ጋሼ። ራስ ወዳድ ስንልስ? ጭንቅላቱን የሚወድ ማለት ነው?»

አንዱ የኮሚቴ አባል ሳቀ።

«ራሱን የቻለ ልጅስ? ጭንቅላቱን የተሸከመ?»

ሁሉም ሳቁ። ኢንስፔክተሩ አልሳቀም፤ ደክሞት ነበር፣ ዓይኖቹ እንደቀሉ ናቸው። «እኔ ያነበብኩት የተጻፈውን ነው» አለ። «የተማርኩትም እንደዚያው። ሌላ ነገር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ቀጥታ አልልም ነበር። ያልተጻፈን ነገር ከየት ላምጣ?»

እውነቱን ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ ግን ክፉ አልነበረም። የእኔን አማርኛ ያመነ ሰው ነው። ልጅቷ ያኔ «ያምነናል» ያለችኝ ፖሊስ እሱ ነበር።

የመርፌ ቁልፉን ለመፍታት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ፤ ኮሚቴው በትዕግሥት ጠበቀኝ። ወረቀቱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። «ተጽፎ ነበር» አልኩ። «የሰረዝኩት እኔ ነኝ። እሷ በትክክል ጽፋዋለች። ልጁም በስህተት እንደሚያስተምሯቸው ነግሮኝ ነበር፤ ስቄ ዝም አልኩ።»

ኮማንደሩ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና አነበቡ። አንቀጹን ጮክ ብለው አነበቡ። ከዚያ ዳሩን ጮክ ብለው አነበቡ፣ ከ«ሥጋ ቤት» እስከ «አማርኛዋን ታሻሽል» ድረስ። በሕይወቴ ጽሑፌ እንደዚያ ጥርት ባለ ድምፅ ተነቦልኝ አያውቅም። ላብ ከመላጣዬ ተነስቶ፣ የሚያቆመው ጸጉር ስለሌለ፣ በቀጥታ አንገቴ ውስጥ ገባ።

መምህርቷ እንድትስቅብኝ ጠበቅኩ። መብቷ ነበር። እሷ ግን «እኔም ጥፋት አለብኝ» አለች። «ሁለት ትርጉም እንዳለው አውቅ ነበር። አንዴ ተናግሬ፣ ታላቅ ሰው ናቸው ብዬ ተውኩት። ሕግ ላይ ማፈር አልነበረብኝም።» ይህችን ልጅ ምን ብዬ እንደማመሰግናት እስካሁን አላውቅም፤ ሸክሜን ሳልለምናት በአንዱ ጫፍ አነሳችልኝ።

ኮማንደሩ ወደ ኮንስታብሉ ዞሩ። «መመሪያው እንዲህ ተደናግሮ ሳለ አንተ ጭንቅላት ማለት መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ጋሼ ናቸው ያሳዩኝ። በራሳቸው።»

«በራሳቸው ፈቃድ?»

«አይደለም ጌታዬ። በራሳቸው» አለና የራሱን አናት ሦስት ጊዜ በጣቱ መታ መታ አደረገ፣ ልክ እኔ እንዳደረግኩት።

ሳቁ ሲበርድ ኢንስፔክተሩ ጠየቀ። «ያን ቀን ፊት ለፊትህ የነበረው ጭንቅላት የማን ነበር?»

ልጁ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«ጭሱ ገና አልወጣም ነበር» አለ። «ፀሐይ ነበር። ያበራ ነበር።»

እጄ ሳላዝዘው ወደ አናቴ ሄደ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሚያየው ያንኑ ቦታ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኔ የሌላ ሰው ጉዳይ ላይ ልመሰክር የመጣሁ ነበር የሚመስለኝ።

«ስለምታውቃቸው ነዋ የተውካቸው» አለ ኢንስፔክተሩ፤ ድምፁ ግን የክስ ድምፅ አልነበረም።

«እሳቸውን አውቃቸዋለሁ ጌታዬ። ከጎናቸው አንዲት ሴት ነበረች፣ ከኋላቸው ብዙ ሰው ነበር። እነሱን አላውቃቸውም። ወደነሱም አልተኮስኩም።»

ኢንስፔክተሩ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «እኔ እኮ ቀጥታ ብያለሁ» አለ፤ ለማን እንደተናገረ አላወቅኩም። ከዚያ ክሱን እንደሚያነሳ፣ ኮሚቴው ይህን እንዲመዘግብለት ጠየቀ።

ልጁ ወደ ሥራው ተመለሰ። ስድስተኛው አንቀጽ ጭንቅላቱን፣ ፊቱንና አንገቱን መልሶ አገኘ፤ «በሰው» የሚለውም ተመለሰ። አሠልጣኙ ሁሉንም እንደገና ሰብስቦ እንዲያስተምር ታዘዘ። ከክፍሉ ስንወጣ ኢንስፔክተሩ በሁለት እጁ ጨበጠኝና «ይቅርታ አባቴ» አለኝ። እኔ ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። «ልጁ ያዳነው እርስዎን ብቻ አይደለም፣ እኔንም ነው» አለ። የጎማ ጥይቱም፣ ጭሱም፣ ቆመጡም እንደ እሱ ባሉ ሰዎች እጅ ነው ያሉት፤ ጠዋት ጠዋት ከማመሰግናቸው አንዱ ይኼ ሰው ነው፤ ተሳስቻለሁ ማለት እንደሚያቃጥል ከራሴ አውቃለሁና።

መመሪያው ዳግም ከመታተሙ በፊት መምህርቷ ላከችልኝ። «ጋሼ፣ አማርኛውን ይዩልን» የሚል ቁራጭ ወረቀት አብሮት ነበር። ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። ርዕሱ ላይ «ገዳይነታቸው ያነሰ መሣሪያዎች» ይላል። እጄን በላኝ፣ ግን አልነካሁትም። ስድስተኛው አንቀጽ ጋ ስደርስ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አነበብኩ፤ ለጥንቃቄ። አንድ ነገር ብቻ አላስቻለኝም። ከ«ጭንቅላት» በኋላ ነጠላ ሰረዟ ተዘልላ ነበር። ጨመርኳት። በማግስቱ በስልኬ መልእክት ገባ፦ «ነጠላ ሰረዝዎን ተቀብለናል። ሌላውን ስለተዉልን እናመሰግናለን።»

ባለፈው ቅዳሜ ጨዋታ ነበር። ባለቤቴ በሬዲዮ ስማ ብትለኝም ልሄድ ከዘራዬን ይዤ ስወጣ፣ ኮንስታብሉ የደንብ ልብሱን ለብሶ ግቢው በር ላይ ቆሟል። እጁ ላይ የገለባ ባርኔጣ አለ፤ እናቱ ከቡሹሎ የላከችልኝ ናት። ጉዳዩን ሁሉ ነግሯት ኖሯል፤ ስቃ ስቃ ስታበቃ ነው አሉ የገዛችልኝ። ባርኔጣዋን አናቴ ላይ አስቀመጠልኝና ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየኝ። ከዚያ እንደ ሥራው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ጋሼ፣ እኔ ዛሬ በሁለተኛው በር ነኝ፤ ክፍት ነው። ራስዎን ይጠብቁ።»

«የትኛውን?» አልኩት።